አክራሪነት በግራም በቀኝም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)





በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ትምህርት ቤታችን ዕድገት ብንናገር ለጆሮ የጣመ ይሆን ነበር። እኛ ግን ከበድ ያለ አርእስት መርጠናል። ይኸውም በፖለቲካ ዓለም የግራና የቀኝ አክራሪነት የሚባሉት ሁለት መንገዶች እንዴት እንደሚነሡ፣ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚስቡ፣ መጨረሻቸውም ምን እንደሚሆን ከታሪክ አንዳንድ ነገር ለማስታወስ ነው። ይህን አርእስት የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የታሪክን መጽሐፍ ገልጠን ስንመለከት በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሚጠሩት፣ መጀመሪያም የሚሞቱት በእኛ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ሆነው አገኘናቸው። ሁለተኛ፣ አገራችን ከሁለቱም ጽንፍ መራራ ጽዋ የቀመሰች አገር ናት። ስለ አውሮፓ ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን ስንናገር ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

«ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉት የፖለቲካ ቃላት የመጡት ከፈረንሣይ ነው። በ1789 በተሰበሰበው የፈረንሣይ ብሔራዊ ሸንጎ ላይ፣ ንጉሡ ሕግን የማገድ ሥልጣን ይኑረው የሚሉት እንደራሴዎች ከሊቀ መንበሩ በስተቀኝ፣ ይህን የሚቃወሙት ደግሞ በስተግራ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የቆየውን ሥርዓትና ልማድ መጠበቅን የሚያስቀድመው ወገን ቀኝ፣ እኩልነትንና ለውጥን የሚያስቀድመው ወገን ግራ እየተባለ መጠራት ተለመደ። እንግዲህ ግራም ሆነ ቀኝ መሆን በራሱ ነውር አይደለም። ቤት ምሰሶም መስኮትም ያስፈልገዋል። ምሰሶውን የሚጠብቅ ከሌለ ቤቱ ይወድቃል፤ መስኮቱን የሚከፍት ከሌለም በውስጡ ያለው ሰው ይታፈናል።

ታዲያ አክራሪነት የምንለው ምንድን ነው? አንድ ሰው በሐሳቡ ጽኑ ስለ ሆነ አክራሪ አይባልም። ጽኑ ሰው ስለሚያምንበት ነገር ራሱ መከራ ይቀበላል፤ አክራሪ ግን ስለሚያምንበት ነገር ሌላውን መከራ ያስቀብላል። አክራሪ ሰው ዓላማው እጅግ የተቀደሰ ስለሚመስለው ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ሁሉ የተፈቀደ ይመስለዋል። ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ያለውንም ሰው እንደ ተሳሳተ ወንድም ሳይሆን መጥፋት እንዳለበት ጠላት ይቆጥረዋል። ስለዚህ አክራሪነትን የምንለየው በዓላማው ስም ሳይሆን በመንገዱ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት አክራሪዎች በዓላማ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም በመንገድ እንደሚገናኙ ቀጥሎ የምንናገረው ታሪክ ያሳያል።

በምሳሌነት የመረጥናት አገር ኢጣልያ ናት። የመረጥናትም በዚያች አገር በቤት ውስጥ የተነሣው እሳት ውሎ አድሮ ወደ እኛ ደጃፍ ስለ መጣ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲፈጸም ኢጣልያ ከአሸናፊዎቹ ወገን ነበረች። ነገር ግን ድሉ የተገዛው 600,000 በሚያህሉ ወታደሮች ሞት ነበር። ከጦር ግንባር የተመለሰው ወታደር ሥራ አጣ፤ የእህልና የልብስ ዋጋ ናረ፤ ለገበሬው ልጅ በምሽግ ውስጥ ሳለ የተሰጠው የመሬት ተስፋም ሳይፈጸም ቀረ። በሰሜኑ ክፍል በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ በዓመቱ ውስጥ ለብዙ ወራት ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ ችግሩ እውነተኛ እንደ ነበረ ልንቀበል ይገባናል። አክራሪነት ከባዶ ሜዳ አይበቅልም፤ የሚበቅለው በእውነተኛ ብሶት ላይ ነው። አክራሪው የሚያታልለን ሕመማችንን ሲነግረን ሳይሆን መድኃኒቱን ሲያዝልን ነው።

በመጀመሪያ የግራውን ወገን እንመልከት። በኖቬምበር 1919 በተደረገው ምርጫ የሶሻሊስት ፓርቲ ከ508 የፓርላማ ወንበሮች 156ቱን አግኝቶ ከሁሉ የበለጠ ሆነ። በዚህ ኃይሉ ከሌሎች ጋር ተባብሮ የድኻውን ኑሮ የሚያሻሽል ሕግ ለማውጣት ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ከምርጫው አንድ ወር ቀደም ብሎ በቦሎኛ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የፓርቲው ብዙኃን አባላት የሩስያን አብዮት አርአያ አድርገው፣ የእኛ መንገድ የወዛደሩ አምባገነንነት ነው ብለው ወስነው ነበር። ከፓርቲው መሥራቾች አንዱ የሆኑት አዛውንቱ ፊሊፖ ቱራቲ በጉልበት መመካት የባሰ ጉልበት እንደሚጠራ ቢያስጠነቅቁም ሰሚ አላገኙም። በገጠር የሠራተኛ ማኅበሮች ከማኅበሩ ፈቃድ ውጭ የሠራውን ድኻ ያገሉትና ይቀጡት ነበር። በሴፕቴምበር 1920 ከ400,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ፋብሪካዎችን ይዘው ቀይ ባንዲራ ሰቀሉ። መሪዎቹ ግን አብዮት፣ አብዮት እያሉ ሕዝቡን ካስነሡ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አላዘጋጁም ነበርና ሠራተኛው በስምምነት ፋብሪካውን ለቆ ወጣ። ከደመወዝ ጭማሪው ሌላ የቀረው ነገር ለሠራተኛው ቅሬታ፣ ለባለ ሀብቱ ፍርሃት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቀኙ እንሻገር። ቤኒቶ ሙሶሊኒ የብረት ሠሪና የሴት አስተማሪ ልጅ ነው፤ እርሱም በወጣትነቱ አስተማሪ ነበረ። በመጀመሪያ የሶሻሊስቶች ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል፤ ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ መግባት አለባት በማለቱ በ1914 ከፓርቲው ተባረረ። ከግራው ጫፍ ወደ ቀኙ ጫፍ ሲሻገር በመሐል አለመቆሙን ልብ በሉ፤ የለወጠው ዓላማውን እንጂ መንገዱን አልነበረም። በማርች 1919 በሚላኖ የፋሺስቶችን ማኅበር አቋቋመ። በዚያው ዓመት ምርጫ ግን በሚላኖ ያገኘው ድምፅ ከ5,000 ያነሰ ሲሆን አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም። ማኅበሩ ያደገው ከፋብሪካዎቹ መያዝ በኋላ ነው። የፈሩት ባለመሬቶች ገንዘብ ሰጡት፤ ከጦርነት የተመለሱ ወጣት መኮንኖችና ተማሪዎች ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው በካሚዮን እየተጫኑ በሌሊት ወደ መንደሮች ወረዱ። የሠራተኛ ማኅበር ቤቶችንና የጋዜጣ ማተሚያዎችን አቃጠሉ፤ ሰዎችን በዱላ ደበደቡ፤ የጉሎ ዘይት በግድ እያጠጡ አዋረዱ። ብዙ የፖሊስና የጦር ሹማምንትም አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ አንዳንዶቹም መሣሪያ አቀበሉ።

በዚህ ላይ ሁለቱ ጫፎች እንዴት እንደሚመጋገቡ ይታያል። ፋሺስቱ ባለ ሱቁንና ባለመሬቱን «ቀዮቹ ሊያርዷችሁ ነው» እያለ ይሰበስበዋል። የግራው አክራሪ ደግሞ ሠራተኛውን «ሕግና ፓርላማ ከዱላ አላዳነህም፤ ስለዚህ ጠመንጃ ብቻ ነው የሚያዋጣህ» ይለዋል። አንዱ ለሌላው ማስረጃ ይሆነዋል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ለሕዝቡ የሚያሳየው ማስፈራሪያ ያጣ ነበር። ሆኖም ክፋታቸው በዚያን ጊዜ እኩል ነበር ለማለት አይደለም፤ በኢጣልያ ብዙውን ቤት ያቃጠለውና ብዙውን ሰው የገደለው፣ በኋላም መንግሥቱን የያዘው ፋሺስቱ ነው። እኛ የምንለው የግራው አክራሪ በንግግሩ ያዘጋጀውን ጭድ የቀኙ አክራሪ በእሳቱ ለኮሰው ነው።

ነገር ግን አገሪቱን የገደሏት ሁለቱ ጫፎች ብቻ አልነበሩም። በመካከል የነበሩትም ድርሻ አላቸው። የ78 ዓመቱ አዛውንት ጠቅላይ ሚኒስትር ጆቫኒ ጆሊቲ በሜይ 1921 ምርጫ ፋሺስቶችን ከራሳቸው ወገን ጋር በአንድ ዝርዝር አስገቡ። ሐሳባቸው ግራውን ለማድከም በፋሺስቱ ከተጠቀሙ በኋላ እርሱን በፓርላማ ወንበር ላይ አስቀምጦ ለማለዘብ ነበር። የነብር ግልገል አሳድጎ ለበጎቹ ጠባቂ ለማድረግ እንዳሰበ ሰው ሆኑ። በዚህ ምርጫ 35 ፋሺስቶች፣ ሙሶሊኒም ጭምር፣ ወደ ፓርላማ ገቡ። በሌላ በኩል ግራው በጥር ወር ተከፍሎ ኮሙኒስቶች የራሳቸውን ፓርቲ አቁመው ነበር፤ በኦክቶበር 1922 ደግሞ ሶሻሊስቶቹ ቱራቲንና ጓደኞቹን አባረው እንደገና ተከፈሉ። ሶሻሊስቶቹና በቄሱ ሉዊጂ ስቱርዞ የተመሠረተው የካቶሊኮች ሕዝባዊ ፓርቲም ሊስማሙ አልቻሉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በኢጣልያ ግን ድሩ ሁሉ ለየብቻው ተበጠሰ።

በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ጥቁር ሸሚዞች ወደ ሮማ ገሠገሡ። መሣሪያቸው ያነሰ፣ ዝናብም የደበደባቸው ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉዊጂ ፋክታ ጦሩ እንዲያግዳቸው የሚያዝ ዐዋጅ አዘጋጅተው ለንጉሥ ቪክቶር ኤማኑኤል 3ኛ አቀረቡ፤ ንጉሡ ግን አልፈርምም አሉ። ይልቁንም ሙሶሊኒን መንግሥት እንዲያቋቁም ጠሩት። እርሱም ሰልፈኞቹን በእግር አልተከተለም፤ ከሚላኖ በባቡር በአልጋ ክፍል ተሳፍሮ መጣ። በኖቬምበር ፓርላማው በ306 ድምፅ ለ116 እምነት ሰጠው። ፋሺስቶቹ በዚያ ፓርላማ ከ40 እንኳ የማይበልጡ ነበሩ። የቀረውን ድምፅ የሰጡት ጨዋዎቹ፣ ሕግ ዐዋቂዎቹ፣ መካከለኞቹ ናቸው። ምክንያታቸውም «ቢያንስ ሥርዓት ያስከብራል፤ ዱላውም የሚያርፈው በቀዮቹ ላይ ነው» የሚል ነበር።

ዱላ ግን የጀመረበት ላይ አያቆምም። በ1923 የወጣው የምርጫ ሕግ፣ ከመራጩ ሩቡን ድምፅ ብቻ ያገኘ የበላይ ዝርዝር ከወንበሮቹ ሁለት ሦስተኛውን እንዲወስድ ፈቀደ። በአፕሪል 1924 ምርጫው በማስፈራራትና በድብደባ መካከል ተደረገ። በሜይ 30 ቀን ጃኮሞ ማቴዮቲ የሚባል የ39 ዓመት እንደራሴ በፓርላማ ተነሥቶ፣ እየተጮኸበትና እየተሰደበ፣ በምርጫው የተፈጸመውን ግፍ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ይህ ሰው የሀብታም ባለመሬት ልጅ ሆኖ ሳለ ለቀን ሠራተኞች የቆመ፣ ከቱራቲ ጋር ከፓርቲው የተባረረ ሶሻሊስት ነበር። በጁን 10 ቀን በሮማ ከተማ በቀን ብርሃን ፋሺስቶች አፍነው በመኪና ወሰዱት፤ አስከሬኑም በኦገስት 16 ቀን ከከተማው ውጭ ተገኘ። ተቃዋሚዎቹ እንደራሴዎች ፓርላማውን ትተው ወጡና ንጉሡ ይፈርድ ይሆናል ብለው ጠበቁ፤ ንጉሡ ግን አልፈረዱም። በጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ በፓርላማ ቆሞ ለሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ ሲል ማንም አልያዘውም። በ1926 መጨረሻ ከፋሺስቱ በቀር ፓርቲ ሁሉ ተከለከለ፤ ነጻ ጋዜጣም ጠፋ። በ1922 እምነት የሰጡት መካከለኞችም ዝም ከማለት ወይም ከመሰደድ ሌላ ምርጫ አልቀረላቸውም።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ማቴዮቲ በተገደለ ጊዜ ነገሩ የኢጣልያኖች የቤት ጠብ ይመስል ነበር። በዚያን ቀን በትግራይ እርሻውን የሚያርስ ገበሬ ወይም በአዲስ አበባ ገበያ የምትውል እናት ይህ ሞት እኛንም ይነካናል ብለው ሊያስቡ አይችሉም ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ ግን፣ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስቱ ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን በወታደሩም በገበሬውም በከብቱም ላይ ዘነበ። በኢጣልያ ፓርላማ ተነሥቶ ይህ ግፍ ነው የሚል አንድ እንደራሴ፣ ይህንንም የሚያትም አንድ ነጻ ጋዜጣ አልነበረም፤ የሚናገሩት ታስረው፣ ተሰደው ወይም ሞተው ነበርና። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉም ኢጣልያኖች ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተገደለ፤ ጎጆዎችም ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። በ1921 በቦሎኛ የሠራተኞችን ማኅበር ቤት ያቃጠለው ያው ጥቁር ሸሚዝ ነበር። በሩቅ አገር አንድ እውነተኛ ሰው ሲገደል ነገሩ አይመለከተንም ለማለት የማንችለው ስለዚህ ነው።

ምናልባት ይህ የኢጣልያ ብቻ ዕድል ነው የሚል እንዳይኖር ስለ ጀርመንም በአጭሩ እንጨምራለን። የሂትለር ፓርቲ በ1928 ምርጫ ያገኘው 12 ወንበር ብቻ ነበር። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ችግር መጣ፤ በ1932 መጀመሪያ ሥራ ያጣው ሰው ወደ 6 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያው ዓመት በጁላይ ናዚዎች 230፣ ኮሙኒስቶች 89 ወንበር አገኙ። ፓርላማው 608 ወንበር ስለ ነበረው ፓርላማውን ራሱን የሚጠሉት ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ ከግማሽ በላይ ሆኑ ማለት ነው። የኮሙኒስቱ ፓርቲ በሞስኮ መሪነት ሶሻል ዴሞክራቶችን «ሶሻል ፋሺስቶች» እያለ ከናዚ ይልቅ ዋና ጠላት አድርጎ ይታገላቸው ነበር። በ1931 በፕሩስያ የነበረውን በሶሻል ዴሞክራቶች የሚመራ መንግሥት ለመጣል በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ሁለቱ በአንድ ወገን ቆሙ፤ በኖቬምበር 1932 በበርሊን የትራንስፖርት ሠራተኞች አድማም ጎን ለጎን ታዩ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ ያስገቡትም እንቆጣጠረዋለን ያሉ ወግ አጥባቂ ባላባቶች ነበሩ። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ የኮሙኒስቱ መሪ ኤርንስት ቴልማን በእስር ቤት፣ የፓርቲው እንደራሴዎችም ታስረው ወይም ተሰደው ነበር። በማርች 23 ቀን ሥልጣንን ሁሉ ለሂትለር የሚሰጠው ሕግ ሲቀርብ እምቢ ያሉት 94 እንደራሴዎች፣ እነዚያው «ሶሻል ፋሺስት» የተባሉት ብቻ ሆኑ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌላ አገር ነው። ነገር ግን ስለ ራሳችን ዝም ብለን የሌላውን ብቻ ብንዘረዝር እውነተኛ የታሪክ ተማሪዎች አንሆንም። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከመጣ በኋላ በአገራችን የተጋጩት ቀኝና ግራ ብቻ አልነበሩም፤ ግራ ከግራ ጋር ተጋጨ። ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ድርጅቶች ሁለቱም ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ ሁለቱም «መሬት ለአራሹ» ያሉ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነበቡ ነበሩ። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፤ ሌላው ለደርግ ሒሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ። ይህ ልዩነት በሸንጎ ቢሆን ለአንድ ወር ክርክር የሚበቃ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ በጥይት ሆነ። በ1969 ዓ.ም. በከተማ ውስጥ ሰው እየታደነ ይገደል ጀመር። በሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር በአብዮት አደባባይ ደም የሚመስል ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበሩ። ቀይ ሽብር በተባለው በዚያ ዘመን የወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ተጥሎ ያድር ነበር። መንግሥት የነበረው ደርግ በመሆኑ ከሁሉ የበዛውን የገደለውም እርሱ ነው፤ ይህን ከሌላው ጋር ማስተካከል አይገባም። መኢሶንም በመጀመሪያ ሲደግፈው ከቆየ በኋላ በተራው ታደነ። ከሞቱት መካከል እንደ እኛ ደብተር ይዘው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከእናንተም ከወላጆቻችን መካከል ወንድም ወይም እኅት በዚያ ዘመን ያጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህን የምንናገረው በድፍረት ሳይሆን በአክብሮት ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች የአክራሪነት ተጽዕኖ በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ልንለይ እንችላለን። አንደኛ፣ ብዙ ምክንያት ላለው ችግር አንድ ጥፋተኛ ብቻ ያቀርባል። ዋጋ የናረውም፣ ሥራ የጠፋውም፣ ዝናብ የቀረውም በእነእገሌ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ያስቸኩላል። የችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ለማሰብ ጊዜ የጠየቀውን ፈሪ ወይም ከዳተኛ ይለዋል። ሦስተኛ፣ ስም ያወጣል። ሰውን በስሙ መጥራት ትቶ «ቀይ»፣ «ሶሻል ፋሺስት»፣ «አናርኪስት»፣ «ባንዳ» እያለ ይጠራዋል፤ ስም ከወጣለት ሰው በኋላ ዱላ መምጣቱ የተለመደ ነው። አራተኛ፣ የራሱን ግፍ በሌላው ግፍ ያጸድቃል። «እነርሱስ እንዲህ አድርገው የለምን?» የሚለው ቃል ከሁሉም ዘንድ ይሰማል። አምስተኛ፣ ብቸኛ የሆነውን ወጣት ወዳጅ፣ ልብስ፣ መዝሙርና ማዕረግ ይሰጠዋል። ይህ ከሁሉ የሚበረታ ይመስለናል፤ ብዙ ወጣት የሚገባው ስላመነ ሳይሆን የሚያቅፈው ስላገኘ ነውና።

በሙሶሊኒ ዘመን ይህ ሁሉ የሚደርሰው በጋዜጣ፣ በሰልፍና በድምፅ ማጉያ ነበር። ዛሬ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ይደርሰናል። ልዩነቱ ፍጥነቱና ብዛቱ ነው። የሚያስቆጣ ወሬ ከሚያስተምር ወሬ ይልቅ ቶሎ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንድ ጊዜ በቁጣ ያየነውን የሚመስል ሌላ ደግሞ ተከትሎ ይቀርብልናል፤ በመጨረሻም ዓለም ሁሉ እንደ እኛ የሚያስብ፣ ከእኛ የተለየውም ሁሉ ክፉ ይመስለናል። ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይኸው ስልክ በየደቂቃው ከአገር ቤት ጠብ ጋር ያገናኛቸዋል፤ በሩቅ ሆኖ የተጻፈ የቁጣ ቃል በቅርብ ያለውን ጎረቤት ሊያጣላ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ከማስተላለፋችን በፊት «ይህን የተናገረው ማን ነው? ከየት ዐወቀ? ስለ እኔ ወገን ቢባል ኖሮ አምነው ነበርን?» ብለን ብንጠይቅ ሦስቱ ጥያቄዎች ብዙ እሳት ያጠፋሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

«እንግዲህ ሁሉም መካከለኛ ይሁን፤ አቋም አይኑረን ነው የምትሉት?» የሚለን ቢኖር መልሳችን አይደለም ነው። ማቴዮቲ መካከለኛ አልነበረም፤ ግራ ነበር፤ ጽኑም ነበር። በጀርመንም እምቢ ያሉት 94ቱ በሐሳባቸው የጸኑ ሰዎች ነበሩ። በሌላ በኩል ለሙሶሊኒ እምነት የሰጡት ብዙዎቹ መካከለኞች ተብለው የሚጠሩ ነበሩ። ስለዚህ የምንመክረው ሐሳብን ማለስለስ ሳይሆን መንገድን ማጥራት ነው። ፈተናውም ቀላል ነው። በማንወደው ሰው ላይ የሚያርፈውን ዱላ ስናይ ምን እንላለን? የእኛ ወገን ሲዋሽ፣ ሲያስፈራራ፣ ሲመታ ተው ለማለት እንደፍራለንን? ኢጣልያ የጠፋችው ሁለት ጫፎች ስለ ነበሯት ብቻ አይደለም፤ ጫፍ የሌለው አገር የለም። የጠፋችው በመካከል ያለው ሰው ሁሉ ጠላቴ የሚለው ሲመታ ደስ ስላለው፣ ወይም ዝም ስላለ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተን የምንለምናችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን እንድትነግሩን ነው። በብዙ ቤት ስለዚያ ክፉ ዘመን አይነገርም፤ ሐዘኑ ስለሚቀሰቀስ መሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ያልተነገረን ነገር ሌላ ሰው ለራሱ በሚመቸው መንገድ ይነግረናል። መምህራኖቻችን ሆይ፤ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ስንጠይቅ፣ እርስ በርሳችንም ስንከራከር መታገሣችሁን እናመሰግናለን። በክርክር ቀን በአንድ ወገን የተናገረ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት በተቃራኒው ወገን ቆሞ እንዲናገር ማድረጋችሁ በመጀመሪያ ግራ ያጋባን ነበር፤ ጥቅሙ ግን የሌላውን ሐሳብ በራሱ በሌላው አፍ እንዳለ አድርጎ መስማትን ማስተማሩ ነው። ይህን የለመደ ልጅ ባልንጀራውን ጠላት ብሎ ለመጥራት ምላሱ ቶሎ አይፈታም።

የትምህርት ጓደኞቻችን ሆይ፤ በዚህ ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ ላይ የአርሶ አደርና የነጋዴ፣ የወታደርና የቀን ሠራተኛ፣ የክርስቲያንና የእስላም ልጅ አብረው ተቀምጠው ይማራሉ። ነገ ከዚህ ወጥተን አንዳችን ግራ፣ አንዳችን ቀኝ፣ አንዳችንም ከሁለቱም የተለየን ልንሆን እንችላለን። ያን ጊዜ የተለየውን ሰው ስንመለከት ከሁሉ በፊት በዚያ ዴስክ ላይ እርሳስ ያበደረንን ልጅ እናስታውስ። ሐሳቡን በሐሳብ እንርታው፤ ብንረታም እንጨብጠው፤ ብንረታም ባንረታም ግን አንዳችን የሌላውን ደም የምናፈስበት ዓላማ እንዳይኖረን እንማማል።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዓመት ያስተምር። ፈጣሪ አገራችንንና ሕዝቧን ይጠብቅ።